እወልድ ይሆን? ከፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚጀምረው ጉዳይ

ስለ ፊስቱላ የሚነገረው ታሪክ ማለቂያው ሁልጊዜ አንድ ነው። ሴትየዋ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ከሰው ተደብቃ ትኖራለች፤ ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ትድናለች፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወደ አገሯ ትመለሳለች። እውነት ነው። ግን ታሪኩ የሚቆመው ዋናው ጥያቄ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ቀሚሱን ለብሳ መካነ ኢየሱስ ከመኪና የወረደችው ሴት ምናልባት ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ የመጀመሪያ ልጇን ቀብራለች፤ ባሏ ወይ ፈቷታል ወይ እየጠበቃት ነው። ጎረቤት «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ካላት በኋላ በሆዱ የሚይዘው ነገር «ትወልድ ይሆን?» የሚል ነው። (በግእዝ «ስፍራ» ማለት የሆነው መካን፣ ልጅ ያልወለደችን ሴት ከምንጠራበት ቃል ጋር በፊደል አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ለዚያች ሴት ግን ቀልድ አይደለም።)

መካነ ኢየሱስ የእስቴ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ታቦር በስተደቡብ፣ ከጉና ተራራ ወዲህ። የእስቴ ምድር እየወረደ ሄዶ ዓባይ ላይ ያልቃል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦርና በጋይንት ሲያልፍ መካነ ኢየሱስን ወደ ጎን ትቷት ነው የሄደው። ስለ ማህፀን በሚወራበት ቦታ መንገድ ምን አገባው ያለ ሰው ጥቂት ይታገስ።

ምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲፈጅ የልጁ ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ደም ያሳጣዋል። ሥጋው ይሞታል፤ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል። ልጁም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የብዙዎቹ ማህፀን በቦታው አለ፣ ሐኪሙም ቀዳዳውን ሲሰፋ አይነካውም። በሐዘን፣ በረሃብና በድካም ቆሞ የነበረው የወር አበባ ከዳኑ በኋላ ለብዙዎች ይመለሳል። የማይመለስላቸውም አሉ፤ ማህፀኗ በምጥ ፈንድቶ የወጣላት፣ ወይም ውስጡ በጠባሳ የተጣበቀባት ሴት ነገሯ ሌላ ነው። ለቀሩት መፀነስ ይቻላል። አደጋው መውለዱ ላይ ነው። የተሰፋው ሥጋ ሁለተኛ ረጅም ምጥ አይችልም፤ ዳሌውም ያው የድሮው ጠባብ ዳሌ ነው። ስለዚህ ከፊስቱላ ሆስፒታል ለምትወጣ ሴት የሚሰጣት ምክር ግልጽ ነው፦ ብታረግዢ ቤት አትውለጂ፣ ምጥ ሳይጀምርሽ ነይ፣ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ።

ዓለም ይህን ቀዳዳ መስፋት የቻለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሜሪካዊው ሐኪም ጄ. ማሪዮን ሲምስ በ1849 እስኪሳካለት ድረስ አላባማ ውስጥ በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዷል። የሦስቱ ስም ቀርቷል፦ አናርካ፣ ሉሲ፣ ቤትሲ። ሐውልቱ ከኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተነሣው በ2018 ነው።

ወደ እኛ አገር የገባበት በር ሌላ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው ተመለሱ፤ በ1942 ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። የንጉሥ ልጅ ለነርስነቷ እንኳ አልተረፈችም። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ወደዚህ ሆስፒታል ነበር፤ የመጡበትም ምክንያት ፊስቱላ አልነበረም፤ አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ ነው፣ ለሦስት ዓመት። ከየገጠሩ የሚመጡት ሴቶች ሥራቸውን ቀየሩት። በ1974 የራሳቸውን የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። ታካሚ ሆነው ገብተው፣ ሳይማሩ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ማሚቱ ጋሼ ከሁለቱ ሐኪሞች ጋር በ1989 ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ መቀበላቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። ካትሪን ሐምሊን ወደ መጀመሪያው ሥራቸው፣ ወደ አዋላጆች ማሠልጠን፣ የተመለሱት ግን በ2007 ኮሌጅ ሲከፈት ነው። በመካከሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህን እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ማየት ይሻላል፤ ለሚሰፋ እጅ የዓለም ልብ ይከፈታል፣ ቀዳዳው እንዳይፈጠር ለሚጠብቅ አዋላጅ ግን ገንዘብ የሚሰጥ ማግኘት ከባድ ነው።

ለእስቴ ሴት ትልቁ ለውጥ በ2005 የመጣው የባሕር ዳሩ ማዕከል ነው። ከዚያ በፊት ለመዳን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ መግባት ያስፈልግ ነበር፤ ያውም ተሳፋሪው በሽታዋ ምክንያት ከአውቶቡስ ውረጂ በሚላት መንገድ።

የመውለዱ ነገር ግን በዚያው አልተፈታም። በ2005ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወለደው ልጅ ከመቶ 5 ነበር። በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደረሰ። በኦፕራሲዮን የወለዱት በ2016 ከመቶ 2 ብቻ ናቸው። «ምጥ ሳይጀምርሽ ነይ» የተባለችው ሴት ከእነዚያ ከመቶ ሁለቱ አንዷ መሆን ነበረባት። ከ2009 ጀምሮ የጤና መኮንኖች ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መሠልጠናቸው፣ መካነ ኢየሱስን በመሰሉ ከተሞችም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል መከፈቱ ከብዙ የተወደሰ ፕሮጀክት የበለጠ ሥራ ሠርቷል፤ በሚዲያ ግን ብዙም አልተወራለትም። የጋብቻ ዕድሜም በ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 የነበረው በ2000 በወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 ሆኗል፤ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሕጉና ሠርጉ ስንት ጊዜ እንደሚገናኙ አንባቢ ያውቀዋል።

በ2019 የጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል፤ ከሰውነት ውጭ ጽንስ የሚፈጠርበት የመጀመሪያው የመንግሥት ተቋም ነው። ማህፀናቸው ለተጣበቀ፣ ቱቦአቸው ለተዘጋ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ለሚያሠቃያቸው ሴቶች ትልቅ ነገር ነው። የመጨረሻው ሕመም፣ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት፣ በቀዶ ሕክምና ሲጸዳ ለአንዳንዶች የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ እንቁላል ማቀፊያው ላይ ያለው ሲቆረጥ ደግሞ የእንቁላሉን ክምችት ሊቀንስ ይችላል። ገጠር ግን ሕመሙ ስም እንኳ የለውም። በየወሩ የምትታመም ልጅ «ስትወልጂ ይተውሻል» ትባላለች።

የእስቴዋ ሴት ይህን ሁሉ አልጠየቀችም። ማህፀኗ ደህና ነው፤ የሚያስፈልጋት በዘጠነኛው ወር አንድ ቢላዋ፣ አንድ ማደንዘዣ፣ የሚሰጣት ደምና የሚያደርሳት መኪና ነው። ከ2023 ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ነው። መንገድ ለቀናት ይዘጋል፤ አምቡላንስም እንደልብ አይንቀሳቀስም። ጤነኛ ሴት መንገድ ቢዘጋባት ቤቷ የመውለድ ዕድል አላት። ተሰፍታ የዳነችው ግን ምጡ ቤት ከያዛት የዳነችበትን መልሳ ልታጣው ትችላለች፤ ስለዚህ ወሯ ሳይገባ ከቤቷ ወጥታ መካነ ኢየሱስ ወይም ደብረ ታቦር ዘመድ ፈልጋ ትቀመጣለች፣ ዘመድ ካላት።