ማስታወቂያው ከግዢ በኋላ፦ የቴሌቪዥን የመኪና ማስታወቂያ ከሁርሶ ሲታይ

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በአሮጌው የምድር ባቡር መስመር ላይ ያለች ቆላማ ስፍራ ናት። ስሟ በይበልጥ የሚነሳው በወታደራዊ ማሰልጠኛዋ ነው። መኪና ለመግዛት ብሎ ወደ ሁርሶ የሚመጣ የለም፤ የመኪና ማስታወቂያ ግን በቴሌቪዥን ሳሎን ድረስ ይገባል። ማስታወቂያ በሰው ላይ ያለውን ጉልበት ለመመርመር ከመሸጫ አዳራሽ የራቀ እንዲህ ያለ ቦታ ይሻላል እላለሁ።

በዚህ አካባቢ መኪና ስም ያተረፈው በመንገድ ነው። ፔጆ 404 በፈረንሳይ መመረቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ በድሬዳዋና በሐረር ግን ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሠርቷል። የቆላውን ሙቀትና የደንገጎን ዳገት ችሎ ስለታየ፣ መካኒኩም ሆዱን ጠንቅቆ ስለሚያውቀው እንጂ ማንም በቴሌቪዥን ስላሞገሰው አይደለም። ባጃጅም የሕንድ ኩባንያ ስም መሆኑ ተረስቶ የተሽከርካሪው መጠሪያ ሆኗል። ቶዮታ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ሾፌር፣ መካኒክና ደላላ ነው፤ መለዋወጫው ይገኛል ወይ፣ መልሼ ስሸጠውስ ስንት ያወጣል ይላል። እነዚህን ጥያቄዎች የሠላሳ ሰከንድ ፊልም አይመልስም።

ታዲያ ማስታወቂያው ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ1957 ዳኑታ ኤርሊክና ሦስት ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ፍንጭ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ በቅርቡ አዲስ መኪና የገዙ ሰዎችን ስለ ንባባቸው ጠየቁ። ገዢዎቹ አስበውበት ከተዉት መኪና ማስታወቂያ ይልቅ የገዙትን መኪና ማስታወቂያ አብዝተው አንብበው ተገኙ። ገንዘቡ ከእጅ ከወጣ በኋላ ልብ «ደግ አደረግህ» የሚለውን ይፈልጋል። ጥናቱ በኅትመት ማስታወቂያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ወደ ቴሌቪዥን የማሸጋግረው እኔ ነኝ። በቴሌቪዥን ግን ሌላም ነገር ይጨመራል፦ ያልገዛው ጎረቤትም አብሮ ያያል። ባለመኪናው ክብር የሚያገኘው መኪናውን የሚያውቅለት ሰው ሲኖር ነው፤ ማስታወቂያው ያንን አዋቂ ያፈራለታል።

በአገራችን ደግሞ መኪናን በስክሪን አጉልቶ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ መኪና ሻጩ አይደለም። ባንኮች «ይቆጥቡ ይሸለሙ» ሲሉ ሪባን የታሰረበት አውቶሞቢል ያቆማሉ፤ ሎተሪውም እንዲሁ። እዚህ ላይ የምርት ስሙ ብዙም ትርጉም የለውም። ተመልካቹ የሚማረው መኪና ማለት ዕድል የፈገገለት ሰው ምልክት እንደሆነ ነው፤ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የማይበቃ ቤተሰብ ፊት ይህ ምልክት በየምሽቱ ይቀርባል። ስለ ሽያጭ ብቻ የሚጠይቅ ጥናት ይህን ተጽዕኖ አያገኘውም፤ እኔን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲወስን፣ የመንገድ ታሪክ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ገበያውን ያዘ። መካኒኩ ገና ሆዱን አላየውም፤ ደላላውም ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚያወጣ በእርግጠኝነት አይነግርህም። የቆየው የምክር ሰንሰለት ሲላላ ማስታወቂያው ቀድሞ ያልነበረውን ሥልጣን ያገኛል፤ ስለዚህ ኃላፊነቱም መክበድ አለበት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ነገር ግን «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የሚለው ቁጥር ሐሰት ሳይሆንም ሊያሳስት ይችላል፤ በወጥ የመለኪያ ሁኔታ የተገኘ ነውና። ማቀዝቀዣው ሲሠራና መንገዱ ዳገት ሲሆን ርቀቱ ይቀንሳል። ቁጥሩ በምን ሁኔታ እንደተለካና የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመት እንደሆነ በግልጽ መነገር አለበት። ከሁርሶ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል ሐረር ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመው ቁጥር፣ በቀትር ሙቀት ደንገጎን ከወጣ በኋላ ባትሪው ላይ የሚቀረው ነው።