ቴስኮ
ቴስኮ በብሪታንያ ትልቁ የሱፐርማርኬት ድርጅት ነው። መሥራቹ ጃክ ኮኸን ከፖላንድ ወደ ለንደን የፈለሰ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ልጅ ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ በእጁ የነበረው የመሰናበቻ 30 ፓውንድ ነበር። በ1919 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ገበያ ውስጥ መደብ ይዞ ከጦር ሠራዊቱ የተራረፈ የታሸገ ምግብ መቸርቸር ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን 4 ፓውንድ ሸጦ 1 ፓውንድ እንዳተረፈ ይነገራል። ቴስኮ የሚለው ስም የወጣው በ1924 ሲሆን፣ ሻይ ያቀርብለት የነበረውን የቲ. ኢ. ስቶክዌልን የስም መነሻ ፊደላት ከኮኸን የመጀመሪያ ፊደላት ጋር ያጣመረ ነው።

ድርጅቱ በ1947 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሴንት አልባንስ ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሳ የሚገዛበትን ሱቅ ከፈተ። ኮኸን ይህን አሠራር ያየው አሜሪካ ነው። ከዚያ በኋላ ያደገው በአብዛኛው የሌሎችን ሱቆች በጅምላ እየገዛ ነበር፤ በ1960 ብቻ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ 212 የኧርዊን ሱቆችን ጠቀለለ።

ይሁንና ሱቅ ማብዛት ብቻውን ዋጋ ላይ ሥልጣን አይሰጥም። በዚያን ዘመን የብዙ ሸቀጦችን የመሸጫ ዋጋ የሚቆርጠው አምራቹ ነበር፤ ቸርቻሪው ከዚያ በታች ልሽጥ ቢል አምራቹ ዕቃውን ይከለክለዋል። ቴስኮ መላ አላጣም። ከ1963 ጀምሮ ለገዢው በግዢው መጠን አረንጓዴ ቴምብር ይሰጥ ነበር፤ ገዢውም ቴምብሩን ደብተር ላይ እየለጠፈ ሲሞላለት በቤት ዕቃ ይለውጠዋል። በስሙ ቅናሽ አይባል እንጂ ቅናሽ ነው። በ1964 ሕጉ የአምራቹን ሥልጣን ሲያነሳ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። በ1977 ቴስኮ ቴምብሩን ትቶ በቀጥታ ዋጋ ሲሰብር የገበያ ድርሻው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ ገደማ ወደ 12 በመቶ ገደማ ዘለለ።

በ1984 በጌትስሄድ ከተማ አንዲት የ72 ዓመት እናት ከቤታቸው ሳይወጡ፣ በቴሌቪዥን ሪሞት ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል ከቴስኮ አዘዙ። ይህ ከቤት ሆኖ በኤሌክትሮኒክስ መገበያየት ከተጀመረባቸው ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን የ1995ቱ ክለብካርድ ነው። ካርዱ ለደንበኛው በየፓውንዱ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ለድርጅቱ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚገዛ ይነግረዋል። መረጃውን ይተነትን የነበረው ደንሃምቢ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ሲሆን በኋላ ቴስኮ ራሱ ገዛው። ካርዱ በወጣበት በ1995 ቴስኮ ለዘመናት ገበያውን ሲመራ የቆየውን ሴንስበሪን ቀደመ። ሸማቹን ከአምራቹ በላይ የሚያውቅ ቸርቻሪ ለድርድር ሲቀመጥ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

በ1997 ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት ቴሪ ሌሂ ድርጅቱን እስከ ታይላንድና ደቡብ ኮሪያ አስፋፉ። ኮሪያ ውስጥ ከሳምሰንግ ጋር በሽርክና በመሥራቱ ተሳካለት፤ በ2007 አሜሪካ የገባው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከስሮ ወጣ።

አገር ውስጥም ችግር መጣ። በ2014 ትርፉን በ250 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አጋንኖ እንደገመተ ይፋ ሆነ፤ የጉዳዩ እምብርት ከአቅራቢዎች የሚገኘው ገቢ የተመዘገበበት መንገድ ነበር። በ2017 በዚሁ ምክንያት 129 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቀጣ ተስማማ። በመካከሉ የዘርፉ ተቆጣጣሪ በ2016 ባወጣው ሪፖርት ቴስኮ የአቅራቢዎችን ክፍያ እያወቀ ያዘገይ እንደነበር አረጋገጠ፤ በሚሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር ገንዘቡን ከዓመት በላይ የጠበቀ አቅራቢም ነበር። ርካሽ ዋጋ ሸማቹን እንደጠቀመ አይካድም፤ የወጪውን ከፊል የተሸከመው ግን አቅራቢው ነው።

ቴስኮ የኮሪያውን ንግድ በ2015፣ የታይላንዱንና የማሌዢያውን በ2020 ሸጧል። በብሪታንያ ግን ዛሬም ከሱፐርማርኬት ገበያው ከሩብ በላዩን ይዟል።