የቃዲው መጽሐፍና የልጆቻችን ንባብ

ለነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ የወረደላቸው ቃል ማንበብን የሚያዝ እንደሆነ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ይሁን እንጂ «ልጆቻችን ምን ያንብቡ? ከየትኛውስ ይጀምሩ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎቻችን መልስ ያጥረናል። አንዳንዱ ወላጅ ከቁርኣንና ከትምህርት ቤት ደብተር ውጭ ያለውን ንባብ ሁሉ ጊዜ እንደ ማባከን ይቆጥረዋል። ሌላው ደግሞ ልጁ መጽሐፍ በመያዙ ብቻ ይደሰታል፤ የያዘው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ልጅ ንባብን ይጠላል፤ ሁለተኛው ያገኘውን ሁሉ አምኖ ይቀበላል። ከሁለቱም የሚያድን መንገድ መኖሩን ከገዛ ከተማችን ታሪክ እንመልከት።

በጎንደር የሚያድግ ወጣት የዐፄ ፋሲልን ግንብ በየቀኑ ያያል። ግንቡ ገና አዲስ ሳለ በዓይናቸው አይተው ከጻፉልን ሰዎች አንዱ ሙስሊም ቃዲ መሆናቸውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኚህ ሰው የየመኑ ቃዲ አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ ናቸው። ዐፄ ፋሲል ለየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል በላኩት መልእክት መነሻነት ኢማሙ እኚህን ዓሊም መልእክተኛ አድርገው ሰደዷቸው። ጉዞው ከ1647 እስከ 1649 እ.ኤ.አ. ፈጀ። ቃዲው ከየመን ባሕሩን ተሻግረው በይሉል ወረዱ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ደጋውን ወጡና በ1648 ጎንደር ደረሱ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ያዩትንና የደረሰባቸውን «ሲረቱል ሐበሻ» በሚባለው መጽሐፍ አሰፈሩት።

መጽሐፉ የበረሃውን ጥም፣ የመንገዱን ሥጋትና የደጋውን ብርድ የሚተርክ በመሆኑ ለወጣት አንባቢ እንደ ጥሩ ልብ ወለድ ይጥማል። በዚያው ላይ ታሪክ ያስተምራል። ቃዲው ግንቡን በአድናቆት ገልጸው በድንጋይና በኖራ መሠራቱንና ግንበኛው ሕንዳዊ መሆኑን ጽፈዋል። ይህን ያነበበ ልጅ በማግሥቱ በግንቡ አጠገብ ሲያልፍ ድንጋዩን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በየመን በኩል ንጉሡ ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ተስፋ ነበር። ቃዲው ጎንደር ደርሰው ሲያጣሩ የንጉሡ ዋና ፍላጎት ምጽዋ በኦስማን ቱርኮች እጅ ስለነበረች በበይሉል በኩል ሌላ የንግድ መንገድ መክፈት መሆኑን ተረዱ። ታዲያ ጌቶቻቸውን ለማስደሰት ሲሉ ያልሆነውን ሆነ ብለው አልጻፉም፤ የተስፋውን መና መቅረት እንዳለ አስፍረውታል። ለልጆቻችን የምንመርጠው ጸሐፊ እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ የሚመኘውንና ያየውን የማያደባልቅ።

የጎንደር ሙስሊሞች ታሪክ በዚህ አያበቃም። ቃዲው በመጡ በ20 ዓመቱ፣ በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ሰፈር የሚያድግ ልጅ የሰፈሩን አመጣጥ ከወሬ ይልቅ ከመጽሐፍ ቢያውቀው ቂም ሳይዝ፣ አንገቱንም ሳይደፋ ታሪኩን ይናገራል።

እንግዲህ መጽሐፍ እንዴት ይመረጥ? አንደኛው መመዘኛ ቅደም ተከተል ነው። በመድረሳዎቻችን ደረሳ ነሕው ሲጀምር በትንሿ አጅሩሚያ ይጀምራል እንጂ ሺህ ስንኝ ያላትን አልፊያ ወዲያው አይሰጡትም። ልጅንም እንዲሁ ነው፤ ትንሹን ጨርሶ «አንብቤ ጨረስሁ» የማለትን ደስታ ከቀመሰ ትልቁን ራሱ ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ከሲራ መጻሕፍት የሐበሻ ሒጅራ ታሪክ ቢሰጠው መልካም ነው። በ615 እ.ኤ.አ. የተሰደዱት ሰሓባዎች የተጠጉት በገዛ አገሩ ንጉሥ ጥላ ሥር በመሆኑ ታሪኩ ለልቡ ይቀርበዋል።

ሁለተኛው መመዘኛ «ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፉት የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን ፉቱሕ አል-ሐበሻን የጻፈው ዐረብ ፈቂህም ከኢማም አሕመድ ወገን የነበረ ሰው ነው። ሁለቱም ብዙ ያስተምራሉ፤ ሁለቱም ግን ጥላቻን ከታሪክ ለይቶ የሚያስረዳ ትልቅ ሰው ከልጁ ጎን ይፈልጋሉ። ሐዲስ የሚነገረን ከነአስተላላፊዎቹ በመሆኑ ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው ቋንቋና ጣዕም ነው። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. መታተሙ ዐረብኛ ላልቀራው ቤተሰብ ትልቅ በር ከፍቷል። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ወዲህም በአማርኛ የሚነበቡ ኢስላማዊ መጻሕፍትና መጽሔቶች በርክተዋል። የአል-ሐይሚ መጽሐፍ በዐረብኛ ታትሟል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋን ዶንዘል የተባሉ ምሁር ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አሳትመውታል። ዐረብኛ የምናውቅ መምህራን ይህን የመሰለውን ኪታብ በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ እያነበብን በአማርኛ ብንተርክላቸው ልጆቹ ቀሪውን ለመስማት ይቸኩላሉ። ደስታውን እንደ ትርፍ ነገር አንየው። አባቶቻችን ዲንን በመንዙማና በነቢያት ታሪክ ጭምር ያስተማሩት ጆሮ የወደደውን ልብ እንደሚይዝ ስለተረዱ ነው።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ያነበበውን በቡና ሰዓት እንዲተርክላችሁ ጠይቁት። ሲተርክ የገባውንና ያልገባውን ታውቃላችሁ፤ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጽሐፍም ከአፉ ይገኛል። መጽሐፉን ካልወደደው ሌላ ፈልጉለት፤ ንባብን ግን አታስጠሉት። እኛ ያልመረጥንለትን ገበያው ይመርጥለታል።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ከሚሹት ያድርግልን፤ ኣሚን።