ትዝታ ከጃዝ ጋር ሲገናኝ፦ አምስት ድምፅ ከአሥራ ሁለት ጋር እንዴት ይኖራል?

ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ካለ ክፈቱትና ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ንኩ። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት የግራውን ያዙና ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ቁልፍ ተጫወቱ። ምን ሰማችሁ? ትዝታ ነው! ሜጀር የሚባለው ዓይነት ትዝታ። አንድ ቻይናዊ ልጅ ቢሰማው ግን «ይኼማ የእኛ ነው» ሊል ይችላል። እነሱ ይኼንኑ የድምፅ አደራደር «ጎንግ» ይሉታል።

ታዲያ በአምስት ድምፅ የኖረ ዜማ ከፈረንጅ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል?

ነገሩ አቃቂን ሳይነካ አያልፍም። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂን አቋርጦ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰውና ዕቃ በብዛት የሚገባው በዚሁ መስመር ሆነ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን መጡ፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የአገራችንን ዘፈኖች ለትልልቅ ኦርኬስትራ አቀናበረ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የፈረንጅ ሙዚቃ 12 ድምፆች አሉት። ቅድም የነካችሁት ትዝታ ላይ የጎደሉትን ሁለት ድምፆች ብትጨምሩበት በቃ፣ ተራ የፈረንጅ ሜጀር ስኬል ይሆናል። ቅኝቱ ጠፋ ማለት ነው! ስለዚህ አጃቢው ሲበዛ ዜማው ሊዋጥ ይችላል።

ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ይኼን እንቆቅልሽ ይዞ ነው የሠራው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ፣ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያ አልበሞቹን ቀረፀ። ዘዴው ቀላል ይመስላል፦ ዜማው ከአምስቱ ድምፅ አይወጣም፤ 12ቱ ድምፆች ከሥር ሆነው ያጅባሉ፤ ቪብራፎንና ኮንጋም ይገባሉ። ግን አጃቢው የቱ ጋ ዝም ማለት እንዳለበት ማወቅ ይጠይቃል። እሱም «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ ሰየመው።

ቻይናም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። በ1986 ሱዪ ጂያን ቤጂንግ መድረክ ላይ ወጥቶ የሰሜን ምዕራብ ቻይናን የገጠር ዜማ ቃና ከሮክ ጊታር ጋር አዋሐደ። ሱዎና የሚባለው የባህል መለከትም በዘፈኑ ውስጥ አለ።

ዛሬ ቻይናውያን የገነቡት፣ በ2015 የተከፈተው ቀላል ባቡር ሐዲዱ ቃሊቲ ድረስ ተዘርግቷል። በሐዲድ ሌላም ድምፅ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያው ሙከራውን ጨርሱት፦ በጥቁሮቹ ቁልፎች ዜማ እየተጫወታችሁ ከሥሩ ነጮቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። የትኛው ቁልፍ ላይ ነው ትዝታ መሆኑ የሚያበቃው?