የመለያ ወረቀት ምስክርነት፤ የኮሚክ መጽሔቶች ልዩ እትሞችና የደረጃ አሰጣጣቸው ታሪክ

በቤተ መዘክር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቅርስ ራሱ አይናገርም። ስለ እርሱ የሚናገረው ከግርጌው የተለጠፈው ትንሽ ወረቀት ነው። ተመልካቹ የቅርሱን ዕድሜ፣ የሠሪውን ማንነትና በዘመናት ውስጥ የደረሰበትን ጉዳት የሚያውቀው በዚህ ወረቀት አማካይነት በመሆኑ፣ ወረቀቱ ሲሳሳት ተመልካቹም አብሮ ይሳሳታል፤ ወረቀቱ ሲዋሽ ደግሞ ቅርሱ ሳይወድ የሐሰት ምስክር ይሆናል። ይህ እውነት ለድንጋይ ሐውልትና ለብራና መጽሐፍ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በተራ የጋዜጣ ወረቀት ታትሞ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ለነበረው፣ ልጆች አንብበው ለሚጥሉት የሥዕል ታሪክ መጽሔትም እንደሚሠራ የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔቶች ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ኮሚክ ተከታታይ ሥዕሎችንና አጫጭር ንግግሮችን አቀናጅቶ ታሪክ የሚተርክ የኅትመት ዓይነት ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የካፒታሊዝም የኢኮኖሚ ቀውስ ሠራተኛውን ሕዝብ ለሥራ አጥነት በዳረገበት ወቅት፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ያደጉ ሁለት ወጣቶች፣ ደራሲው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር፣ ሱፐርማን የተባለውን ገጸ ባሕርይ ፈጠሩ። ሁለቱም ከአውሮፓ የተሰደዱ የአይሁዳውያን ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ሥራቸው ለብዙ ጊዜ አሳታሚ አጥቶ ከቆየ በኋላ በ1938 ዓ.ም. «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት ቁጥር 1 ላይ ወጣ። ለዚህም ሙሉ የባለቤትነት መብታቸውን ለአሳታሚው በ130 ዶላር አስረከቡ።

በዚያን ጊዜ ይህን መጽሔት ለመጪው ትውልድ ላቆይ ብሎ ያሰበ ሰው እምብዛም አልነበረም። ወረቀቱ ራሱ ለዘላቂነት የተሠራ አልነበረምና። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚዘጋጅ ስለ ሆነ ሊግኒን የተባለው የእንጨት ንጥረ ነገር በውስጡ ይቀራል፤ ብርሃንና አየር ባገኘው ቁጥር ይበጫል፣ አሲድ ያመነጫል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። የተፈጥሮው ሳያንስ የታሪክ ሂደትም ተጨመረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአገሪቱ በተካሄደው የአሮጌ ወረቀት ማሰባሰብ ዘመቻ ብዙ መጽሔቶች ወደ ወረቀት ፋብሪካ ተመለሱ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ኮሚክ የልጆችን ሥነ ምግባር ያበላሻል የሚል ዘመቻ ተቀሰቀሰ፤ በ1948 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ መጽሔቶች ተከምረው በአደባባይ ተቃጠሉ፤ በ1954 ዓ.ም. ጉዳዩ እስከ ሴኔት ምርመራ ደረሰ። ከመጀመሪያው «አክሽን ኮሚክስ» ዛሬ በሕይወት የሚገኘው ወደ 100 ቅጂ ገደማ ብቻ እንደሆነ የሚገመተውም በእነዚሁ ምክንያቶች ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት እነዚያ አንባቢ ልጆች ጎልማሶች ሆነው የልጅነት መጽሔቶቻቸውን መፈለግ ጀመሩ። ፍለጋው ገበያን ወለደ፤ ገበያውም የዋጋ መመሪያ ጠየቀ። በ1970 ዓ.ም. ሮበርት ኦቨርስትሪት የተባለው ሰብሳቢ የመጀመሪያውን የዋጋ መዘርዝር አሳተመ። የመጽሔቶቹ ይዞታ «ደኅና»፣ «ያማረ»፣ «እንከን የለሽ» በሚሉ ቃላት ተከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ ተተመነለት። ቃላቱ ግን በተራ ንግግር ያላቸውን ትርጉም ይዘው አልቀሩም። በኋላ በተስፋፋው የ10 ነጥብ ሚዛን «ደኅና» የተባለው መጽሔት የሚያገኘው 2 ነጥብ ብቻ ነው፤ ሽፋኑ የተጨማደደ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ ነገር ግን ሁለመናው ያልጎደለ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ችግር ደረጃውን የሚሰጠው ሰው ሻጩ ራሱ መሆኑ ነበር። «ላሜ ወለደች» እያለ የሚያወራ ነጋዴ በበዛበት ገበያ፣ በደብዳቤ አዝዞ የሚገዛ ሰው የሚላክለትን ከማየቱ በፊት በሻጩ ቃል ማመን ነበረበት።

የመለያ ትክክለኛነት ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ያረጋገጠው ግን አንድ ልዩ እትም ነው። በ1974 ዓ.ም. ዲ.ሲ. የተባለው አሳታሚ የመጀመሪያውን «አክሽን ኮሚክስ» ከነማስታወቂያው፣ ከነዋጋው፣ ከነቀኑ እንዳለ በድጋሚ አሳተመው። መጠኑን ወደ 25 በ34 ሳንቲ ሜትር ገደማ አሳደገው፤ «ስመ ጥሩው የመጀመሪያ እትም» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የታተመበት ጠንካራ ሁለተኛ ሽፋንም ደረበለት። የአሳታሚው ዓላማ ማታለል አልነበረም፤ ብርቅ የሆነውን ታሪክ ተራው አንባቢ በ1 ዶላር እንዲያየው ማድረጉ እንዲያውም የሚመሰገን ነበር። ይሁን እንጂ እትሙ ድጋሚ መሆኑን ለተመልካች የሚመሰክረው ያ የላይኛው ሽፋን ነበር። እርሱ ሲገነጠል ከሥሩ የሚወጣው የ1938 ዓ.ም. ቀንና የ10 ሳንቲም ዋጋ የተጻፈበት ሽፋን ነው። አታላዮችም ይህንኑ አደረጉ፤ ሽፋኑን እየገነጠሉ የውስጡን እንደ ጥንታዊው ቅጂ ሸጡት። የዋጋ መዘርዝሩ አንባቢዎቹን እስከ ማስጠንቀቅ የደረሰውም በዚህ ምክንያት ነው። በቃላት ሁሉ እውነት የሆነው መጽሔት በአንድ ነገር ብቻ ይጋለጥ ነበር፤ እርሱም መጠኑ ነው። የአንድ ተማሪ ማስመሪያ ሊገልጠው የሚችለውን ሐሰት የገዢው ጉጉት ሸፈነው።

በዚሁ ዓመት የወጣው «ኢንክረዲብል ሀልክ» ቁጥር 181 ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ወልቨሪን የተባለው ገጸ ባሕርይ በስፋት ብቅ ያለበት ይህ መጽሔት በውስጡ አንባቢ ቆርጦ እንዲያከማቸው የታተመ ትንሽ የሥዕል ቴምብር ነበረው። ብዙ ልጆች እንደተነገራቸው ቆረጡት። ዛሬ ሽፋኑ ያማረ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ቅጂ ቢገኝ እንኳ ቴምብሩ ከተቆረጠ ዋጋው በእጅጉ ያሽቆለቁላል። ጉድለቱ መጽሔቱ ሳይገለጥ አይታይምና ገጽ በገጽ ሳይቆጥር መለያ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ሐሰት ይጽፋል። በ1977 ዓ.ም. የወጣው «ስታር ዎርስ» ቁጥር 1 እንዲሁ በአብዛኛው በ30 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ለገበያ ሙከራ በጥቂት ከተሞች ብቻ በ35 ሳንቲም ተሸጧል። ብርቁ ባለ 35 ሳንቲሙ ነው። ነገር ግን በድጋሚ ከታተሙት ቅጂዎች መካከልም በ35 ሳንቲም የወጡ አሉ፤ ድጋሚ እትም መሆናቸውን የሚገልጸው ቃል በአንዳንዶቹ በሽፋኑ ላይ ሲገኝ በሌሎቹ በውስጥ ገጽ ነው የሚገኘው። የ5 ሳንቲም ልዩነትን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ተራውን ከብርቁ ያደባልቃል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁኔታው ተገለበጠ። አሳታሚዎች ሰብሳቢው ብርቅ ነገር እንደሚፈልግ ከተረዱ በኋላ ብርቅነትን ራሱን በፋብሪካ ማምረት ያዙ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 በአምስት ዓይነት ሽፋን ታትሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሠራጨ። በ1992 ዓ.ም. መጨረሻ የሱፐርማንን ሞት የሚተርከው ቁጥር 75 ከጥቁር የኀዘን ክንድ ማሠሪያ ጋር በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ ቀረበ። ብዙ ሰው ሁለት ገዛ፤ አንዱን ለማንበብ፣ ሌላውን ሳይከፍት ለማስቀመጥ። «ልዩ እትም» የሚለው መለያ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቅጂዎች ላይ ሲለጠፍ ከስሙ በቀር ምንም ልዩ ነገር አልቀረውም። የ1938 ዓ.ም. መጽሔት ብርቅ የሆነው ማንም ስላላስቀመጠው ነው፤ የ1992ቱ ግን ሁሉም ስላስቀመጠው ተራ ሆነ። የግምት ንግዱ ሲፈርስ ብዙ ሱቆች ተዘጉ፤ ማርቭል የተባለው ታላቁ አሳታሚም በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ የኪሣራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ።

ከዚህ ውድቀት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ሻጭም ገዢም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ደረጃ የሚሰጥበት ሥርዓት ተመሠረተ። ሲ.ጂ.ሲ. በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ድርጅት የሚላክለትን መጽሔት ባለሙያዎች እንዲመረምሩት ያደርጋል፤ ገጾቹ ይቆጠራሉ፣ የወረቀቱ ነጭነት ይታያል፣ የስፌት ሽቦው ዝገት ይፈተሻል፣ ቀለም የተቀባ ወይም የተለጠፈ ቦታ መኖር አለመኖሩ ይጣራል። ከዚያም ከ0.5 እስከ 10 ባለው ሚዛን ነጥብ ተሰጥቶት በግልጽ የፕላስቲክ ማኅደር ይታሸጋል። ከማኅደሩ ራስጌ የሚቀመጠው መለያ ወረቀት ርእሱን፣ ቁጥሩን፣ አሳታሚውን፣ ቀኑን፣ ነጥቡንና የራሱን የምዝገባ ቁጥር ይይዛል። ቀለሙም ይናገራል፤ ሰማያዊው ያልተነካካ፣ ሐምራዊው የታደሰ፣ አረንጓዴው አንድ የተለየ ጉድለት ያለበት፣ ቢጫው ምስክር ባለበት በደራሲ ወይም በሠዓሊ የተፈረመ መሆኑን ያመለክታል። ቴምብሩ የተቆረጠበት «ሀልክ»ም ጉድለቱ በመለያው ላይ በግልጽ የሚጻፍበት ቦታ አገኘ።

ይህ ሥርዓት ታላቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። እድሳትን ደብቆ መሸጥን አስቸጋሪ አደረገ፤ በሩቅ ያሉ ሻጭና ገዢንም በአንድ ቋንቋ አነጋገረ። ግን ሌላ ችግር ይዞ መጣ። የታሸገ መጽሔት አይገለጥም፤ የማይገለጥ መጽሔትም አይነበብም። ገዢው የሚያየው የፊትና የኋላ ሽፋኑን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚገዛው በመለያው እምነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ባለ 9 ነጥቡ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ባለ 8.5ቱ 6 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ የአንዲት ነጥብ ክፋይ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ታየ። ወረቀቱ ከዕቃው ይልቅ በሚከበርበት ገበያ የአታላዩም ዓይን ወደ ወረቀቱ ይዞራል። በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ ይፋ በሆነ ጉዳይ፣ አንድ ሰው የታሸጉ ማኅደሮችን እየከፈተ የውስጡን መጽሔት ዝቅ ባለ ቅጂ ከለወጠ በኋላ፣ ማኅደሩ ተጎድቷል በሚል ምክንያት በአዲስ እንዲታሸግለት መልሶ ይልክ እንደነበር ታወቀ። ዕቃው ሐሰት፣ መለያው እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። በ1974ቱ ልዩ እትም ላይ ምስክሩ ተገንጥሎ ተጥሎ ነበር፤ ከ50 ዓመት በኋላ ምስክሩ በቦታው ቆሞ የሚመሰክርለት ነገር ተሰረቀ።

ስለ ትክክለኛነት ሲነሳ ግን የስፌት ሽቦን ዝገት ሳይቀር የሚመዘግበው የሰብሳቢው ዓለም የመጀመሪያውን ጥያቄ ሊዘነጋው አይገባም፤ ይህን የሠራው ማን ነው? ሲገልና ሹስተር መብታቸውን ለማስመለስ በ1947 ዓ.ም. ክስ በመሠረቱ ጊዜ ስማቸው ከሱፐርማን ታሪኮች ላይ እንዲነሳ ተደረገ። ያ ልዩ እትም በታተመበት በ1974 ዓ.ም.፣ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን ቅጂ በውድ ዋጋ በሚፈላለጉበት ወቅት፣ ሹስተር የዓይኑ ብርሃን ደክሞ በችግር ይኖር ነበር። ሠዓልያኑ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ዘመቻ፣ በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ተፈቀደላቸው፤ ስማቸውም በፈጣሪነት ተመልሶ እንዲጻፍ ተደረገ። ለ28 ዓመታት ያህል የተሳሳተው መለያ የታረመው በገበያው ቸርነት ሳይሆን በኪነ ጥበብ ሠራተኞች ትብብር ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አሳታሚው በ1938 ዓ.ም. የጻፈላቸው ቼክ ራሱ በሐራጅ ቀረበ። የ412 ዶላር ቼክ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 130 ዶላሩ የሱፐርማን ዋጋ ነው። በ160,000 ዶላር ተሸጠ። በቼኩ ላይ የሁለቱ ወጣቶች ስም በስሕተት ፊደል ነበር የተጻፈው።

ለቤተ መዘክር ሠራተኛ፣ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያና ለመምህር ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድን ሥራ መዝግቦ ማቆየት ማለት ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለውና ማን እንዳደሰው መጻፍ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሠሪውን ስም በትክክለኛ ፊደሉ ማስፈር ነው።