ለሁለተኛው ልጅ ማን ይደርሳል? የሽንት ጨርቅና የጡት ታሪክ ከእናቶቻችን ቤት እስከ ዛሬዋ መቀሌ

በትግራይም ሆነ በአማራ አገር አንድ የቆየ ልማድ አለ። ሴት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። እዚያ እናት፣ አክስትና ጎረቤት ይከቧታል። በትግርኛ ጋዓት የምንለው ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይሞቃል፣ አብሹ ይበጠበጣል። የሕፃኑን ጨርቅ የምታጥበው ሌላ ሴት ናት፤ አራሷ ልጇን ከማጥባትና ከማረፍ በቀር ሥራ የላትም። በክርስቲያኑ ቤት ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ቤቱ በዚሁ ሁኔታ ይቆያል።

ሁለተኛውን ልጅ ግን የምትወልደው ብዙውን ጊዜ በራሷ ቤት ነው። «አንዴ ወልዳለች፣ ታውቀዋለች» ይባላል። እውነት ነው፣ ታውቀዋለች። ነገር ግን አሁን በአንድ ጎን የሚያለቅስ ጨቅላ፣ በሌላ ጎን ቀሚሷን የሚጎትት ታላቅ ልጅ አላት። እውቀቷ ጨምሯል፤ የሚያግዟት እጆች ግን ቀንሰዋል። በዚህ ጽሑፍ ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን ላሳይ የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ የጨርቅ ማጠብና የጡት ማጥባት ታሪካችን የአንዲት እናት የብቻ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ብቻዋን ስትቀር ግን ሁለቱም ይከብዷታል።

ከጨርቁ እንጀምር። ዳይፐር ሳይመጣ በፊት የሕፃን የሽንት ጨርቅ የሚወጣው ካረጀ ነጠላና ጋቢ ነበር። ሸማ ሲያረጅ ይለሰልሳል፣ ውሃም ቶሎ ይጠጣል። ያ ሸማ ራሱ የሴቶች ድካም ነው፤ ጥጡን ዳምጠው፣ አባዝተው የሚፈትሉት ሴቶች ነበሩ፣ ሸማኔው ከዚያ በኋላ ይሠራዋል። ቆይቶ ከውጭ የሚገባው አቡጀዲ ተጨመረ። አሜሪካዊው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ከአገሩ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ሸቀጦች ዋነኛው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ የጃፓን አቡጀዲ ገበያውን ያዘው። ከየትም ይምጣ፣ ጨርቁ አርጅቶ መጨረሻው የሕፃን መጠቅለያ መሆን ነበር።

ማጠቢያውስ? ሳሙና ባልነበረበት ወይም በተወደደበት ጊዜ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ እኛ ሽብጢ እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያ በሽታን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያ ምልከታ ለረጅም ዘመን ምርምር መነሻ ሆነ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ የሕፃን ጨርቅ በእንዶድ እጠቡ የሚል የለም። ነገር ግን ያ ሁሉ ምርምር የተጀመረው ወንዝ ዳር ተሰብስበው ልብስ ከሚያጥቡ የዓድዋ ሴቶች መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ተሰብስበው የሚለውንም ቃል አስተውሉልኝ።

ወደ ጡቱ ስንመጣ ልማዳችን ጥሩም መጥፎም ነበረው። እናቶቻችን ለረጅም ጊዜ፣ ብዙዎቹም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ያጠቡ ነበር። በሌላ በኩል ገና ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥና የመጀመሪያውን ወፍራም ወተት፣ እንገሩን፣ አልቦ መድፋት በብዙ ቤት የተለመደ ነበር። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያው ምግቡ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን።

ለሁለተኛ ልጅ ደግሞ የተለየ ልማድ አለ። እናት እንዳረገዘች ታላቁን ወዲያው ጡት ታስጥለዋለች፤ «የእርጉዝ ወተት ያሳምመዋል» ይባላል። ይህ በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ዊሊያምስ በዛሬዋ ጋና ስትሠራ ሰውነታቸው የሚያብጥ፣ ፀጉራቸው የሚሳሳ ሕፃናትን አየች። እ.ኤ.አ. በ1935 የበሽታውን ስም ከአካባቢው ቋንቋ ወስዳ «ክዋሺዮርኮር» ብላ ለዓለም አሳወቀች። የቃሉ ትርጉም ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የተነሣ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ታላቁ ጡት ተነጥቆ የሚተካ በቂ ምግብ ሲያጣ የሚመጣ ነበር። በአገራችንም ከስዊድን ጋር በትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፋፋን ያዘጋጀው ጡት የሚተዉ ሕፃናትን በማሰብ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ የታላቁ ሳህን ከታናሹ ጡት እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

በዚያው ዘመን ከውጭ ሁለት የታሸጉ ነገሮች መጡ፤ የቆርቆሮ ወተትና ዳይፐር። ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲንጋፖር ላይ «ወተትና ግድያ» በሚል ርእስ ባደረገችው ንግግር፣ የታሸገ ጣፋጭ ወተት ለሕፃናት ተስማሚ ነው እያሉ መሸጥን አወገዘች። ዓለም የሰማት ዘግይቶ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትኮች የሚተዋወቁበትንና የሚሸጡበትን መንገድ የሚገድበውን ደንብ ያጸደቀው በግንቦት 1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ 118 አገሮች ሲደግፉት የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። የሚጣለው ዳይፐር ደግሞ ፓምፐርስ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ዛሬ እኛም አምራቹ ማንም ይሁን ፓምፐርስ ብለን እንጠራዋለን።

እነዚህ ዕቃዎች ወደ ከተማ ቤቶች የገቡት እናቶች ስለ ሰነፉ አይደለም። ከእናት ቤት የራቀች፣ ግቢዋን ከሌላ ተከራይ ጋር የምትጋራ፣ ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ሴት፣ የጎደሏትን እጆች በገንዘብ ገዛች ማለት ይቀላል። ሕጉንም ተመልከቱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የጤና ምክሩ ደግሞ እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ ነው። የቀሩትን 3 ወራት እናት እንደምንም ትወጣዋለች። በጉልትና በየመንገዱ ለምትነግደው እኅታችን ደግሞ 90ውም ቀን የለም።

በጎውንም መናገር ያስፈልጋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ እንገርና ስለ ጡት ማጥባት አስተማሩ። በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት የጡት ወተት ብቻ የሚያገኙት በ1997 ዓ.ም. 49 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 52 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 58 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. 59 በመቶ ነበሩ። ለውጡ አዝጋሚ ቢሆንም ያመጡት በር አንኳኩተው የገቡ ሴቶች ናቸው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶርያ ስምምነት ድረስ ባንክና ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ ወይም ተቆራረጠ፣ ወደ ትግራይ የሚገባው ሸቀጥ እጅግ ጠበበ። የታሸጉት ነገሮች ከመደርደሪያ ጠፉ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጥር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በትግራይ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 13 በመቶው፣ ከነፍሰ ጡሮችና ከሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ግማሾቹ በምግብ እጥረት ተጎድተው ነበር።

እኔም ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት በዚያ ጊዜ ነው። ለመጀመሪያዋ ልጄ ዳይፐሩንም የቆርቆሮ ወተቱንም ከሱቅ አመጣ ነበር፤ ወተቴ አይበቃም ብዬ በ2 ወሯ ጡጦ ጀምሬላታለሁ። ለሁለተኛው ሱቁ ባዶ ነው። አደይ ብለን የምንጠራቸው ጎረቤቴ ያረጀ ጋቢያቸውን ቀድደው በ12 ቦታ ቆርጠው አመጡልኝ። ወተቴ እንዳይጠፋ ስፈራ «ጓለይ፣ መጀመሪያ አንቺ ብዪ» እያሉ ከራሳቸው ቆሎ ያካፍሉኝ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ማን ውሃ እንደቀዳ፣ ማን ጨርቅ እንዳጠበ አልቆጠርንም። ልጄ 6 ወር ሙሉ የጠባው በእኔ ብርታት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያ ጊዜ እንዲመለስ የሚመኝ የለም፤ ሳሙና አጥተን የሕፃናት ገላ ቆስሏል፣ የተራበች እናት ጡቷን የምትሰጠው ከገዛ ሰውነቷ ቀንሳ ነው። ነገር ግን የእናቶቻችን እውቀት እንዳልጠፋና በሰው እጅ ካልተደገፈ እንደማይሠራ ያን ጊዜ አየሁ።

አሁን ሱቆቹ ተከፍተዋል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ሁለተኛ ልጅ ለምትጠብቁ እኅቶች ከዚህ ታሪክ የሚተርፈውን ልጻፍ።

ስለ ጡት፦ በመጀመሪያ ልጃችሁ ወተት አልበቃኝም ብላችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ 22 እናቶችን በሁለቱም ልጆቻቸው ጊዜ የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በመጀመሪያው ሳምንት የሁለተኛው ልጅ ወተት በ31 በመቶ ገደማ በልጦ አግኝቷል። ይበልጥ የጨመረውም በመጀመሪያ ልጃቸው ጊዜ ጥቂት ወተት የነበራቸው እናቶች ዘንድ ነበር። በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ አጥቡት፣ እንገሩን አትድፉ፣ ቅቤም ሆነ ውሃ አትስጡ። ሲጠባ የሚሰማችሁ የማኅፀን ቁርጠት ከመጀመሪያው ልጅ ይልቅ ሊበረታ ይችላል፤ ማኅፀን ወደ ቦታው ሲመለስ የሚመጣ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። እርግዝናው ጤናማ ከሆነ ታላቁን ማጥባት ማቋረጥ ግድ አይደለም፤ የጤና ባለሙያ አማክሩ፣ ጨቅላው ሲመጣ ግን ቅድሚያው የእርሱ ነው።

ስለ ጨርቅ፦ ጨቅላ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየር ይችላል። ዓይነ ምድሩን መጀመሪያ ወደ መጸዳጃ ቤት አራግፉ። ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ አለቅልቁ፣ በፀሐይ አድርቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ ለቀጣዩ ዙር መዘፍዘፊያ አቆዩት። ለሌሊትና ለመንገድ ዳይፐር፣ ለቀን ጨርቅ ማድረግም ነውር የለበትም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት ጨርቅን ሰብስቦ በአንዴ ማጠብ፣ ውጭ ማስጣትና ለሁለተኛ ልጅ መልሶ መጠቀም አየር ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በ40 በመቶ ይቀንሳል። አደይ ይህን ጥናት አላነበቡም፤ ሦስቱንም ግን ሲያደርጉ ኖረዋል።

የሚታጠብ ጨርቅ ለመቀሌ እንግዳ አይደለም። ፍሬወይኒ መብራህቱ እዚሁ ከተማችን ባቋቋመችው ማርያም ሳባ ፋብሪካ ሴቶች የሚታጠብ የወር አበባ መጠበቂያ እየሰፉ ለብዙ ልጃገረዶች አድርሰዋል፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። በዚያ ዓይነት ስፌት የሕፃን ጨርቅ መስፋት ለማኅበራችን ልብስ ሰፊዎች የሚከብድ አይመስለኝም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛና ከዚያ በላይ ልጅ ለወለደች አባል የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ተራ እናውጣ፤ አንዷ ጨርቅ ታጥባለች፣ አንዷ ታላቁን ልጅ ይዛ ትውላለች፣ አንዷ ገንፎ ታመጣለች። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ያደጉባቸውን ጨርቆች ቀቅለን፣ አድርቀን ለሚቀጥለው ሕፃን የምናስተላልፍበት አንድ ሣጥን ይኑረን።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል። የቸገረ ጊዜ ደግ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የቆርቆሮ ወተት መላክ ነው። በአደጋ ጊዜ የሕፃናት አመጋገብን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ ግን እንዲህ ያለ ልገሳ እንዳይጠየቅ፣ እንዳይወሰድም ይመክራል፤ ንጹሕ ውሃ በሌለበት ጡጦ ሕፃኑን ለተቅማጥ ይዳርገዋልና። እናት የማትችልበት ምክንያት ሲኖር ጉዳዩ በጤና ባለሙያ ይታያል። ከእናንተ የምንሻው ሳሙና፣ የውሃ ሮቶና ለአራሷ የሚሆን እህል ነው። እናቲቱ ከበላችና ጨርቁ ከታጠበላት ወተቱን እርሷ ታመጣለች።