መንበረ ጴጥሮስ የተከፈለበት ዘመን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1305 ዓ.ም የቦርዶው ሊቀ ጳጳስ ቀሌምንጦስ 5ኛ ተብለው ለመንበረ ጴጥሮስ ተመረጡ። በሊዮን ዘውድ ደፉ፤ ወደ ሮም ግን አልወረዱም፤ በ1309 በሮን ወንዝ ዳር ባለችው በአቪኞን ተቀመጡ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ስድስት ፓፓዎችም ፈረንሳውያን ነበሩ። በነዲክቶስ 12ኛ በዚያ ታላቅ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ቀሌምንጦስ 6ኛም በ1348 ከተማይቱን ከኔፕልስ ንግሥት ከዮሐና በ80,000 ፍሎሪን ገዙ። የጴጥሮስና የጳውሎስ መቃብር ያለባት ሮም ግን ጳጳሷ በሩቅ አገር ሲኖር አዘነች፤ ሐዘኗም የሚገባ ነበር።

ቅድስት ካተሪና ዘሲዬና አቪኞን ድረስ ሄዳ ጎርጎርዮስ 11ኛን ወደ መንበራቸው እንዲመለሱ ለመነች። እርሳቸውም በጥር 1377 ሮም ገቡ፤ በማግሥቱ ዓመት በመጋቢት ዐረፉ። ካርዲናሎቹ ለምርጫ ሲሰበሰቡ የሮም ሕዝብ የተሰበሰቡበትን ቤት ከብቦ ሮማዊ፣ ያም ባይሆን ጣሊያናዊ ፓፓ ይሰጠን እያለ ጮኸ። በሚያዝያ የባሪው ሊቀ ጳጳስ ኡርባኖስ 6ኛ ተብለው ተሾሙ። ኡርባኖስ ቁጡ ነበሩ፤ የካርዲናሎቹን ቅንጦት በአደባባይ ይዘልፉ ነበር። ካርዲናሎቹም ወደ አናኚ ሸሽተው «በፍርሃት የተደረገ ምርጫ ከንቱ ነው» አሉ፤ መስከረም 20 ቀንም በፎንዲ የጄኔቫውን ሮቤርቶን ቀሌምንጦስ 7ኛ ብለው አነገሡ። እርሳቸውም በአቪኞን ተቀመጡ።

ከዚህ በፊትም ተቀናቃኝ ፓፓዎች ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹን ያቆማቸው ግን የነገሥታት ኃይል ነበር። የዚህኛው መከራ የከበደው ሁለቱንም የመረጡ ያው ካርዲናሎች ስለሆኑ ነው፤ ምእመናኑ እውነተኛውን በምን ይለዩ? ፈረንሳይ፣ ስኮትላንድና ካስቲል ለአቪኞኑ፣ እንግሊዝ፣ ሃንጋሪና ፖላንድ ለሮማው አደሩ። ቅዱሳንም ሳይቀሩ ተለያዩ፤ ካተሪና ከኡርባኖስ፣ ቪንሰንት ፌረር ከአቪኞኑ ጋር ቆሙ።

ሁለቱ ፓፓዎች ሲሞቱ ወገኖቻቸው ምትክ እየሾሙ ክፍፍሉን አቆዩት። በ1409 በፒዛ የተሰበሰበው ጉባኤ የሮሙን ጎርጎርዮስ 12ኛንና የአቪኞኑን በነዲክቶስ 13ኛን ሽሮ እስክንድር 5ኛን ሾመ፤ የተሻሩት ግን እንቢ ስላሉ ፓፓዎቹ ሦስት ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት እስክንድር ሲሞቱ ዮሐንስ 23ኛ በቦታቸው ተተኩ።

በ1414 በጀርመን ንጉሥ በሲጊስሙንድ ግፊት በኮንስታንስ ጉባኤ ተከፈተ። ዮሐንስ ልብስ ለውጠው ከከተማው ቢሸሹም ተይዘው በ1415 ተሻሩ። በዚያው ዓመት ጎርጎርዮስ ማዕረጋቸውን በፈቃዳቸው ተዉ፤ ለቤተ ክርስቲያን አንድነት ሲሉ ያደረጉት ይህ ነገር ሊመሰገኑበት ይገባል። ይኸው ጉባኤ ግን የቦሄሚያውን ሰባኪ ዮሐንስ ሁስን በመናፍቅነት ፈርዶ ለእሳት አሳልፎ ሰጠ፤ ቦሄሚያም በዚህ ምክንያት ለረጅም ጦርነት ተዳረገች። በነዲክቶስ በ1417 ቢሻሩም እስከ ዕለተ ሞታቸው በስፔን በፔኒስኮላ ምሽግ ሆነው ፓፓ ነኝ እንዳሉ ቀሩ።

ኅዳር 11 ቀን 1417 ዓ.ም 23 ካርዲናሎችና ከአምስት ብሔሮች የተወከሉ 30 መራጮች ኦዶኔ ኮሎናን ማርቲኖስ 5ኛ ብለው መረጡ። እርሳቸውም በመስከረም 1420 ሮም ገብተው የፈራረሱትን አብያተ ክርስቲያናት ማስጠገን ጀመሩ።